የድርጅት ስም

ረጅሙን የማውቀው በድርጅት ስሙ ብቻ ነው። ያን ስም እዚህ አላሰፍረውም። በዚያ ዘመን አንዱን ስም ሦስትም አራትም ሰው ይይዘው ነበርና፣ የማላውቀው ቤተሰብ ይህን አንብቦ ልቡ በከንቱ እንዲንጠለጠል አልፈልግም። እኔም በልቤ ረጅሙ ነበር የምለው፤ ረጅሙ እያልኩ ልቀጥል።

የእኔ የድርጅት ስም አልማዝ ነበር። መጀመሪያ ማርታ በሉኝ ብዬ ነበር። ማርታ መብራቱ በ1965 ዓ.ም. ከዋለልኝ መኮንን ጋር አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክሩ ከተገደሉት አንዷ ናት፤ በእኔ ዕድሜ ላለች ተማሪ ከዚያ የሚበልጥ ስም አይታያትም። ረጅሙ ሳቀብኝ። «በዚህ ስም አሥር ሴት አለች። አንዷ ስትያዝ አሥራችሁም ልትለቀሙ ነው? አልማዝ ይሁን። አልማዝን ማን ያያታል?» አለኝ። አልማዝ የሰፈራችን ጠላ ሻጭ ስም ነበር። ቅር እያለኝ ተቀበልኩ።

ይህ የሆነው በ1968 ክረምት፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ አንድ ሻይ ቤት ጓሮ ነው። ቀጠሮው የተሰጠኝ በትምህርት ቤት የጥናት ክበባችን በኩል ነበር። አዲስ ዘመን ጋዜጣ አጥፎ በግራ ብብቱ የያዘ ልጅ ይመጣል፤ «ወደ ጎጃም በረንዳ በየት ነው?» ብለሽ ትጠይቂዋለሽ፤ «እኔም እንግዳ ነኝ» ይልሻል ተብያለሁ። ዶፍ እየወረደ ስለነበር ጋዜጣውን አናቱ ላይ ዘርግቶት መጣ። ምልክቱ ተበላሸ ብዬ አልፌው ስሄድ ከኋላዬ «እኔም እንግዳ ነኝ» አለ፤ ያልተጠየቀውን መለሰ። በመጀመሪያዋ ቀን ስንት ደንብ እንደጣሰ ሳስበው ዛሬም ፈገግ እላለሁ።

የማይጣሰው ደንብ ግን ስም ነበር። ህዋሳችን አምስት ሰው ነበረች። እውነተኛ ስም፣ የአባት ስም፣ ሰፈር፣ ትምህርት ቤት አንጠያየቅም። የማታውቂውን ቢገርፉሽም አታወጪውምና ነው። ብሔር ደግሞ ከአባት ስም ጋር አብሮ ተዳፍኖ ቀረ። ዛሬ የእኔ ዕድሜ ሰዎች «ያኔ ዘር የሚባል ነገር አናውቅም ነበር» ብለው እንደ ትልቅ ጽድቅ ሲያወሩት ትንሽ እታዘባለሁ። ግማሹ እምነታችን ነበር፤ ግማሹ ግን የምስጢር አሠራር ያመጣው ነው። የትኛው የትኛው እንደነበር ያኔ አልለየሁም፤ አሁንም በደንብ አልለይም።

እምነቱን ግን ላሳንሰው አልፈልግም። ድርጅታችን ኢሕአፓ በ1964 ዓ.ም. በርሊን ላይ ሲመሠረት በጉባኤው የተቀመጡት በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በአልጄሪያ ተበትነው የነበሩ የተማሪ ንቅናቄ ልጆች ናቸው። ኢሕአፓ የሚለውን ስም ከነፕሮግራሙ በአደባባይ ያወጣው በነሐሴ 1967 ነው። ከዚያ በፊት እኛ የምናውቀው ዴሞክራሲያን ነበር፤ ከ1966 ክረምት ጀምሮ፣ ማን እንደሚጽፋት ሳይታወቅ፣ እጅ በእጅ የምትዞር ቀጭን ጽሑፍ። የምትለው አጭር ነው። ንጉሡን ያወረደው ሕዝቡ ነው፤ ሥልጣኑ የወታደር አይደለም፤ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም፤ የመናገር፣ የመሰብሰብ፣ የመደራጀት መብት አሁኑኑ፣ ያለ ገደብ። ገበሬ፣ ላብ አደር፣ ወታደር፣ ተማሪ ትላለች እንጂ አማራ፣ ኦሮሞ፣ ትግሬ ብላ ሰው አትጠራም።

ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ። ያ ድርጅት ሕብረ ብሔራዊ ነበር ሲባል የብሔር ጥያቄን የካደ የሚመስላቸው አሉ። አልካደም። ዋለልኝ በኅዳር 1962 ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፋትን ጽሑፍ እንደ ውዳሴ ማርያም ነበር የምናነበንባት። በፕሮግራሙም የብሔሮች የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት እስከ መገንጠል ድረስ ተጽፏል። ልዩነቱ መብቱን ከተቀበልን በኋላ እንዴት እንደራጅ የሚለው ላይ ነው። ከዚያው ከተማሪው ንቅናቄ የወጡ ሌሎች ልጆች በየብሔራቸው ሲደራጁ የእኛዎቹ አንድ ላይ እንደራጅ አሉ። ለሁለቱም መንገድ መነሻው ያችው የዋለልኝ ጽሑፍ ናት። በየካቲትና በመጋቢት 1970 አሲምባ ላይ ከሕወሓት ጋር ተዋግቶ የኢሕአፓ ሠራዊት ትግራይን ለቆ ሲወጣ እኔ እስር ቤት ነበርኩ። ወሬው የደረሰን ከወራት በኋላ፣ ስንቅ በተጠቀለለበት ቁራጭ ወረቀት ነው።

ደግሞ ሌላ ነገር። መኢሶንም እንደ እኛው ሕብረ ብሔራዊ ነበር፤ በነሐሴ 1960 ሐምቡርግ ላይ የተመሠረተ፣ እንደ እኛው ማርክስን የሚጠቅስ። የእነሱ ኃይሌ ፊዳ ከወለጋ፣ የእኛ ተስፋዬ ደበሳይ ከአጋሜ፤ የሁለቱንም ድርጅት አባላት ብትሰበስቡ የአገሩ ቋንቋ ሁሉ ይሰማል። ያጣላን ቃል «ሂሳዊ ድጋፍ» የሚል ነበር። እነሱ ወታደራዊውን ደርግ እየተቹ እየደገፉ ሕዝቡን ማንቃት ይሻላል አሉ፤ እኛ ደግሞ ባንዳ አልናቸው። የመኢሶኑ ፍቅሬ መርዕድ በ1969 መጀመሪያ ላይ ተገደለ። ቀበሌ የገቡት የእነሱ ልጆች የእኛን ልጆች ዝርዝር ይዘው ዞሩ። በነሐሴ 1969 መኢሶንም ከደርግ ተጣልቶ ሲሸሽ እነሱንም ያው ጥይት ለቀማቸው። ስለዚህ ዘር የሌለበት ፖለቲካ ደም የለበትም የሚለኝን ሰው አላምነውም። እኛ ዘር ሳንቆጥር ነው የተላለቅነው።

የእኔ ሥራ ትንሽ ነበር። ረጅሙ ስቴንስል የተመታውን ያመጣል፤ በአንድ ጓዳችን ቤት በተደበቀ ማባዣ እናባዛለን፤ እኔ በየቀጠሮው አደርሳለሁ። የማባዣው ቀለም ከጥፍር ሥር አይለቅም። በሎሚ ፈተግኩት፣ በአመድ ፈተግኩት፤ በመጨረሻ እናቴ ሳትጠይቀኝ እጄን ይዛ ጥፍሮቼን እስከ ሥጋው ከረከመቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጓዳችን የነበረው የበርበሬ ማድጋ ሁልጊዜ ግማሽ ድረስ ብቻ እንዲሞላ አደረገች። ታችኛው ግማሽ የእኔ ነበር። አንድም ቀን አልተነጋገርንበትም። ዴሞክራሲያን ተቀብለው ያነበቡ ሁሉ ያስነጠሳቸው ለዚህ ነው።

አንድ ጊዜ የረጅሙ ኮት ቁልፍ ተበጥሶ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። አረንጓዴ የቆርዶሮይ ኮት ነበረችው፤ ክረምት ከበጋ አያወልቃትም። አረንጓዴ ክር አጥቼ በነጭ ሰፋሁለት። «ይኼ እኮ ምልክት ሆነ» አለኝ። «ለማን?» አልኩት። «ለምን» ማለት ነበረብኝ፤ ደንግጬ ነው። እሱም ቀላ። ከዚህ ያለፈ ነገር በመካከላችን አልነበረም፤ ልጆቼ ሲጠይቁኝም የምነግራቸው ይህንኑ ነው።

በዚያው ሰሞን ከሰፈራችን ወደ ታች ባለው መንገድ አንድ የቀበሌ ሰው ከቤቱ ደጃፍ ላይ በጥይት ተገደለ። የእኛ ልጆች እንደሆኑ አውቅ ነበር። ቀብሩ በቤታችን በኩል ሲያልፍ ስምንት ዓመት የማይሞላት ሴት ልጁ አንድ እግሯ ባዶውን ነበር፤ ጫማዋ ወልቆ ማንም አላየላትም። በህዋስ ስብሰባ ላይ አነሳሁት። ረጅሙ ዝም አለ፤ ሌላው ጓድ «የአብዮት ዋጋ» አለ። በኋላ የደረሰን ነገር ከመሪዎቻችን ብርሃነ መስቀል ረዳና ጌታቸው ማሩ የከተማውን የትጥቅ ትግል ተቃውመው «አንጃ» ተባሉ የሚል ነበር። አንጃ የሚለው ቃል እንደ ለምጽ ነው፤ የተባለውን ሰው ሰላም ያለ ሁሉ አብሮ ይጠረጠራል። እኔ ያነሳሁትን ዳግመኛ አላነሳሁም። ስለ ነጭ ሽብርና ቀይ ሽብር፣ ማን ቀደመ፣ ማን ተከተለ ሲባል ሃምሳ ዓመት ሊሆን ነው፤ እኔ ትዝ የምትለኝ ያቺ ባዶ እግር ናት።

በመጋቢት 1969 ከተማው ሁሉ ተዘጋና ቤት ለቤት ተፈተሸ። ተስፋዬ ደበሳይ በዚያ አሰሳ ሊያዝ ሲል ከሕንፃ ላይ ራሱን ወርውሮ ሞተ። ሚያዝያ 9 ቀን መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የሞላ ጠርሙስ አንስቶ ከሰከሰው። ሚያዝያ 21 ማታ፣ ሜይዴይ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ለሰልፍ የወጡ ልጆች በመቶ የሚቆጠሩ ተረሸኑ፤ ከእኔ ክፍል ብቻ ሰኞ ዕለት አራት ወንበር ባዶ ነበር። አስተማሪያችን ስም ሲጠራ አራቱንም ጠራ። ድምፁ ሳይለወጥ ጠርቶ፣ ትንሽ ጠብቆ፣ ወደሚቀጥለው አለፈ።

እኔ የተያዝኩት በኅዳር 1970 ነው። ጠቋሚው ስሜን ያውቃል፤ የድርጅት ስሜን ግን አያውቅም። የወሰዱኝ ወደ አንድ ቀበሌ ግቢ ነው። ቤቱ በ1967 ትርፍ ቤት ተብሎ የተወረሰ ቪላ ነበር። ወለሉ ፓርኬ፣ መታጠቢያ ቤቱ ሰማያዊ ሸክላ። የሚመረምሩበት ክፍል የሕፃናት መኝታ ቤት የነበረ ነው፤ ግድግዳው ላይ ዳክዬና ጫጩቶቿ ተሥለዋል፤ አምስት ጫጩት። ተገልብጬ ነው የቆጠርኳቸው። ወፌ ላላ ለማያውቅ ሰው፦ እጅሽን ከጉልበትሽ በታች አስረው፣ በጉልበትሽ መታጠፊያ እንጨት አሳልፈው፣ እንጨቱን በሁለት ጠረጴዛ መካከል ያንጠለጥሉታል። ራስ ወደ ታች፣ ውስጥ እግር ወደ ላይ። አፍ ውስጥ ጨርቅ። እንድትናገሪ ሲፈልጉ ጨርቁን ይመዙታል።

የፈለጉት አንድ ነገር ነው። «አልማዝ ማን ናት?»

ማንም ብሔሬን አልጠየቀኝም። ይህን የምለው ለማንም ምስጋና አይደለም። ያኔ ለመግደል የሚፈለገው ሌላ ነገር ነበር፤ ህዋስሽ የትኛዋ ነው፣ የበላይሽ ማን ነው፣ ወረቀቱ የት ይባዛል። በሦስተኛው ቀን ጨርቁ ሲመዘዝ «አልማዝ የሰፈራችን ጠላ ሻጭ ናት» አልኩ።

ይኸው ጻፍኩት። ብዙ ጊዜ ስለ እስሬ ስናገር ይህችን አልፋታለሁ።

በማግስቱ እትዬ አልማዝን አመጧት። በነጠላዋ ላይ የጌሾ ቅጠል ተለጥፎ ነበር። አይታኝ «ልጄ፣ ምን አደረጉሽ?» አለች። ለምን እንደመጣች አታውቅም። አሥራ አንድ ቀን ያዟት፤ ሁለቴ ገረፏት። በመጨረሻ ማንበብና መጻፍ የማትችል ሴት ዴሞክራሲያ ታባዛለች ብሎ የሚያምን ጠፍቶ ለቀቋት። እነዚያን አሥራ አንድ ሌሊቶች ከጎኔ ነው የተኛችው። በሴቶቹ ክፍል ሃያ ሦስት ነበርን፤ አንዷ ስትገላበጥ ሁሉም መገላበጥ አለበት። የተላጠውን ውስጥ እግሬን በምራቋ ትጠርግልኝ ነበር።

ረጅሙን ያመጡት እሷ ከወጣች በኋላ ነው። አጋፈጡን። ከዳክዬዎቹ ሥር አቆሙትና «ይቺ አልማዝ ናት አይደለም?» አሉት። ኮቱን ለብሷል። ግራ ዐይኑ አብጦ ተዘግቷል። በቀኝ ዐይኑ አየኝና እጁን ወደ ደረቱ ወሰደ። ልቡን ህመም ይዞት መሰለኝ። አይደለም፤ በነጭ ክር የተሰፋችውን ቁልፍ በመዳፉ ሸፈናት። «አላውቃትም» አለ።

የእኛ ክፍል ከዚያ ክፍል ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። ያን ሌሊት ጨርቁን በመዘዙ ቁጥር ሰማሁት። መጀመሪያ በአማርኛ ነበር፤ «አላውቅም» ነው፣ «አልማዝን አላውቅም»። የእሱ አማርኛ ጎንደርም ጎጃምም ሸዋም አይባልም ነበር፤ የሬዲዮ አማርኛ ነበር፣ የጠራ። የቄስ ልጅ ይሆናል እያልኩ እገምት ነበር። ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ አማርኛው አለቀ። ሌላ ቋንቋ መጣ። እንዳለ ሌላ ሰው ገብቶ የሚጮኽ መሰለኝ፤ ድምፁ ራሱ ቀጠነ፣ የልጅ ሆነ። አንዲት ቃል ነበረች የምትደጋገም።

በክፍላችን የወንድሟ ልጅ ሸፍቶባት የታሰረች የሆሳዕና ቅቤ ነጋዴ ነበረች። በጨለማው ተነስታ ቁጭ አለች። «የእኛ ልጅ ነው» አለች። «የሐዲያ ቋንቋ ነው። እናቱን ነው የሚጠራው።»

ዓመት ከመንፈቅ በሳምንት ሁለቴ ተገናኝተናል። በአንድ ሳህን በልተናል፤ ስለ ፓሪስ ኮሚዩን ተከራክረናል፤ ስለ ብሔሮች መብት እንኳ እሱ አስጠንቶኛል፤ ሌኒንን እየጠቀሰ፣ የሕዝቦችን ስም እየዘረዘረ። ሐዲያን ዘርዝሮ እንደሆነ ለማስታወስ ስንት ሌሊት ታገልኩ። አላስታውስም። እኔም ስለ እናቴ ጉራጌነት፣ ስለ አባቴ ወሎዬነት ነግሬው አላውቅም። ደንቡ ነበር። ያ ሁሉ የተጠናው መብት ከተባዛው ወረቀት ላይ ነበር እንጂ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ቤቱ ሲገባ በምን እንደሚያወራ መጠየቅ አልመጣልኝም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግቢውን የሚጠርግ ጥበቃ አረንጓዴ የቆርዶሮይ ኮት ለብሶ አየሁት። እጅጌው ረዝሞበት ሁለቴ አጥፎታል። ጎንበስ ቀና ሲል ሦስተኛዋ ቁልፍ፣ ነጭ ክር።

ከዚያ ወደ ሌላ እስር ቤት ተዛወርኩ። በ1973 ዓ.ም. «ተምረሻል» ተብዬ ስለቀቅ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ስለዚያ ሦስት ዓመት ብዙ ተጽፏል፤ እኔ የምጨምረው የለም። እናቴ የበርበሬ ማድጋዋን እስከ አፉ ሞልታው ጠበቀችኝ።

እትዬ አልማዝ ዘንድ የሄድኩት በሳምንቱ ነው። ጠላ ቀዳችልኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ያልኩትን ሁሉ ነገርኳት። ረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና «መጠቆምሽንስ እሺ፤ ሥቃይ ነው፣ እኔም አይቼዋለሁ። መጀመሪያ የእኔ ስም ለምን ተመረጠ?» አለችኝ። «ማንም አያይሽም ብለው ነው» አልኳት። ሳቀች። «እውነታቸውን ነው» አለች። ጠላውን ሳልጨርስ አልለቀቀችኝም።

ደርግ በ1983 ወድቆ አገሩ በአዲስ መንገድ መተዳደር ሲጀምር ለመታወቂያ ቀበሌ ሄድኩ። የቢሮው ልጅ ትሁት ነበር፤ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ። ስም፣ የአባት ስም፣ የትውልድ ቦታ ጽፎ «ብሔር?» አለኝ። «የእናቴ ሌላ፣ የአባቴ ሌላ ነው» አልኩት። «የአባትዎን ነው የምንጽፈው» አለኝ። «እኔ ሁለቱንም ቋንቋ በደንብ አልችልም እኮ፤ ጉራጌኛው ይገባኛል፣ አባቴ ደግሞ ያው አማርኛ ነው» ስለው ተቸገረ። ሰልፉ ረጅም ነበር። «እትዬ፣ ባዶ መተው አይቻልም» አለ። እኔም እሱን ላለማስቸገር የአባቴን አስጻፍኩ። ስወጣ የመጣልኝ ረጅሙ ነው። አንደኛው ዘመን እንዲህ ያለውን ነገር አትጠይቂ ብሎኝ ነበር፤ ሁለተኛው ባዶ መተው አይቻልም አለኝ። ለእሱ የሚሆን ሣጥን በሁለቱም ወረቀት ላይ አላገኘሁም።

ከዚያ ፍርድ ቤቱ መጣ። የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት በታኅሣሥ 1987 ተከፍቶ ፍርድ የተሰጠው በታኅሣሥ 1999 ነው፤ መንግሥቱ በሌለበት። የተፈረደባቸው በዘር ማጥፋት ወንጀል ነው። በሬዲዮ ስሰማው «ዘር?» ብዬ ጮክ ብዬ ጠየቅሁ፤ ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ አለ። በኋላ አንድ የሕግ ሰው አስረዳኝ። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን አንቀጽ 281 ከዓለም አቀፉ የዘር ማጥፋት ስምምነት ይለይ ነበር፤ በብሔር፣ በጎሣ፣ በሃይማኖት የተሰበሰበን ብቻ ሳይሆን በፖለቲካ የተሰበሰበን ቡድን ማጥፋትንም በዚያው አንቀጽ ያስቀጣ ነበር። ዘር አንቆጥርም ያልን ልጆች በሕግ ፊት እንደ አንድ ዘር ተቆጠርን ማለት ነው። ረጅሙ ቢሰማ መጀመሪያ ይስቃል፤ ከዚያ አንቀጹን አምጡልኝና ልየው ይላል።

በዚያው ዓመት፣ በሚያዝያ፣ ወደ ሆሳዕና ተሳፈርኩ። ለምን እስከዚያ እንደዘገየሁ ብጠየቅ፣ ፈርቼ ነው። አንቺስ እንዴት ተረፍሽ የሚለውን ጥያቄ ፈርቼ።

ቅቤ ነጋዴዋ ከሞተች ቆይታለች፤ የወንድሟ ልጅ ግን፣ ያ ሸፍቶ የነበረው፣ ሽበት ወርሶት አገኘሁት። «በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ሊማር ሄዶ፣ በ1970 የጠፋ፣ ረጅም ልጅ» አልኩት። አሰበና «የቱ?» አለኝ። ሦስት ቤት ቆጠረልኝ። ሁለቱ ጋ ፎቶ አሳዩኝና እንዳልሆነ ወዲያው አወቅሁ። ሦስተኛው ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የእንሰት ተክል የከበበው ነበር።

እናቲቱ መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። አማርኛ አይሰሙም፤ የልጅ ልጃቸው፣ አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው፣ መካከላችን ቁጭ ብሎ ያስተረጉማል። ቆጮ በአይብ ቀረበ። ፎቶውን ከሣጥን ሥር፣ ከጨርቅ ውስጥ አወጡት። ፎቶ ቤት የተነሳው ነው፤ አፍሮ ጎፈሬ፣ ሰፊ ኮሌታ፣ ፊቱን ወደ ጎን ያዞረ። የዚያ ዘመን ልጅ ሁሉ እንደዚህ ነው የተነሳው። ወደ መስኮቱ ወስጄ አየሁት። አፍንጫው እሱን ይመስላል። ጆሮውን ግን ያን ያህል ትልቅ አድርጌ አላስታውሰውም። ኮት አልለበሰም።

እማማ አንድ ስም ተናገሩ፤ የልጃቸውን ስም። ሰምቼው አላውቅም። እኔ የድርጅት ስሙን ተናገርኩ። ልጁ ደገመላቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቸውም ሰምተውት አያውቁም። እንዲህ ሁለት ስም ይዘን ተቀመጥን።

«ቁልፍ» አልኩ፤ «ኮት ነበረችው፣ አረንጓዴ።» የላኩለት ኮት እንደሌለ፣ አዲስ አበባ ገዝቶ ሊሆን እንደሚችል ነገሩኝ።

ከዚያ አንድ ነገር ጠየቁ፤ ልጁ ለማስተርጎም ትንሽ አፈረ። «አያቴ፣ በመጨረሻ ምን አለ፣ ይሉዎታል።»

ፎቶው ገና በእጄ ነበር። እሱ ነው ማለት አልቻልኩም፤ አይደለም ማለትም አልቻልኩም።

«እናቱን ጠራ» አልኩት።

ልጁ ወደ አያቱ ዞሮ ተረጎመ። ከተናገረው ውስጥ አንዷን ቃል አወቅኋት።